ለሯጩ ዝሆን የሚሆን ጎማ

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የጎማ ቁጥር ልመዘግብበት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቴ ይዤው ኖሬያለሁ። አሁን መኪናው በዛ፣ ቁጥሩ በዛ፣ ጭንቅላቴ ግን ያው አንድ ነው። ባለቤቴ "ቁጥር ብቻ? አንተ? እስቲ እናያለን!" ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ዶክተር መጣች። መኪናዋ ጉድ ነው። ቁመቱ እንደ ሚኒባስ፣ ጉልበቱ እንደ እሽቅድምድም መኪና፣ ባዶውን ብቻ ሁለት ቶን ከሦስት መቶ ኪሎ። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤቴ የባትሪ ሻጩ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ብቅ ብሎ አየና "ይሄማ ሯጭ ዝሆን ነው!" አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

"ወንድሜ ለሥራ ሩቅ ሲሄድ ጥሎልኝ ነው" አለች ዶክተሯ። "እሱ ፍጥነት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ሌላ መኪና የለኝም።"

በየሳምንቱ ተራራው ላይ ወዳለው ክሊኒክ ትወጣለች። መድኃኒት፣ ክትባት፣ ሁለት ነርሶች ጭና። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። የፊት ጎማዎቹ ጉድጓድ መትቷቸው ጎናቸው አብጧል። የኋላዎቹ በውስጥ በኩል ሽቦ እስኪታይ ተልጠዋል።

"ዶክተር፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የቀረዎት" አልኳት።

"ኧረ አንቱታው ይቅር ጋሼ፣ አንቺ ይበሉኝ።"

ቤቷ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። "ትልቁን የጎማ ቤት አልፈሽ እዚህ ድረስ?" ስላት "ስለ እጅዎ ሰምቼ ነዋ" ብላ ፈገግ አለች። ሰው ያወራል መቼስ።

የፊት 285/40 ባለ 21። የኋላ 315/35 ባለ 21።

ረቡዕ፣ 6

የኋላው ተገኘ። የፊቱ የለም። አራት ቦታ ደወልኩ። ሁለት ወር ጠብቅ አሉኝ። ዝናብ ሁለት ወር አይጠብቅም።

የመለዋወጫ ነጋዴው 295/40 አለኝ አለ። አንድ ሴንቲ ሰፋ ቢል ምን አለበት?

አንድ የምጠይቀው ሰው ነበር። አልጠይቅም።

ዓርብ፣ 8

ገጠምኩት። ጥቁር፣ ሰፊ፣ የሚያምር። ባትሪ ሻጩ "አሁን ጫማ አደረገ" አለ። ዶክተሯ ጥሩንባ እየነፋች ሄደች። ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ። ማንንም ሳላማክር።

ሰኞ፣ 11

ተመልሳ መጣች። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ ስትጠመዘዝ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ቢጫ መብራትም በርቷል። እኔ ራሴ ይዤው ዞርኩ። መሪውን ሙሉ ለሙሉ ሳጥፈው ከሥር ሰው ጨምድዶ የያዘው ይመስላል።

"ኮምፒውተሩ ይሆናል" አልኳት።

ኮምፒውተሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ፦ እኔ ነኝ። ከጉዳት በፊት ስለመጣች እድለኛ ነኝ። አዲሶቹን አውርጄ አሮጌዎቹን መለስኩና "በእነዚህ ጎማዎች ተራራ እንዳትወጪ" ብዬ አስማልኳት። እስከ 30 ድረስ ሆስፒታሉ ፒክአፑን አውሷታል። ከዚያ በኋላ ፒክአፑ ለሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ክሊኒኩም ሐኪም አያገኝም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ 12

ኮምፕሬሰሩን ሳጠፋ የባትሪ ሻጩ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። ለደንበኛ ነው የሚያወራው። "ሰውዬው የሰውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። የቤቱን ቀዳዳ ግን አያይም። እንዲህ ያለች ልጅ እያለችው!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ግን ሁሉንም ሰማ።

እንግዲህ ልጻፈው። አንድ ልጅ አለችኝ። መካኒካል ምህንድስና ተማረች፤ ከተመረቀች በኋላም እኔ ጋ ትሠራ ነበር። የዛሬ አሥራ ሦስት ወር ለአንድ የጭነት ቫን ጎማ ስገጥም ሰው ፊት "አባዬ፣ ይሄ ጎማ የዚህን መኪና ጭነት አይችልም" አለችኝ። እኔም ሰው ፊት "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ጎማ በወረቀት አይገጠምም፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪልኝ!" አልኳት። ወረቀቷን ይዛ ወጣች። አሁን ትልቁ የጎማ ቤት ውስጥ አማካሪ ናት። ለእናቷ በየቀኑ ትደውልላታለች። ለእኔ አትደውልልኝም። እኔም አልደውልም።

ሐሙስ፣ 14

ወደ ዕቃ መደብሩ ስሄድ በትልቁ የጎማ ቤት በኩል አለፍኩ። በዚያ በኩል መንገዱ አጭር ነው። (ትንሽ ይረዝማል።) በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። በጉልበቷ ተንበርክካ የአንድ ጎማ ጥርስ ትለካለች። ስታስብ ምላሷን ከጥርሷ መሀል ታወጣለች፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት።

ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ካልሲ ገዛሁና ተመለስኩ።

ዓርብ፣ 15

ባለቤቴ መሳቢያውን ከፍታ "አንተ ሰው፣ ስንት እግር ነው ያለህ?" አለችኝ። አሥራ አንድ ጥንድ አዲስ ካልሲ ቆጥራለች። ሁሉም ከአንድ ሱቅ።

ወሬውን ለማስቀየር ስለ መኪናው ነገርኳት። "አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞት…" ብዬ።

"አንድ የምታውቀው ሰው" አለችና ስልኳን አነሳች። ልጅቷ ስታወራ ድምጿ ከስልኩ አምልጦ ይሰማል። ባለቤቴ ግን ቃል በቃል ደገመችልኝ፦

"ለዚያ ለሚያውቀው ሰው ንገሪው። አራቱም እግሩ አንድ ላይ የሚስብ መኪና ነው። ዋናው የጎማው ስፋት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ሜትር እንደሚሄድ ነው። ፊትና ኋላው ካልተቀራረበ መሀል ላይ ያለው ማርሽ በሁለቱ መሀል ይጎተታል። ካላመነ በጠመኔ ይለካው።"

"ካላመነ" የሚለውን ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ቅዳሜ፣ 16

በጠመኔ ለካሁት። ጎማው ላይ ምልክት፣ ወለሉ ላይ ምልክት፣ አንድ ዙር አንከባልዬ እንደገና ምልክት። የኋላው 2 ሜትር ከ37። እኔ ለፊት የገጠምኩት 2 ሜትር ከ42። በአንድ ዙር አምስት ሴንቲ! የራሱ የፊት ጎማ ቢሆን ልዩነቱ የዚህ ግማሽ ብቻ ነበር። ያ ምስኪን ማርሽ በየኪሎ ሜትሩ ሃያ ሜትር ሙሉ ሲጎተት ነው የከረመው።

ቆሜ አየሁት። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳቄ መጣ። ልክ ናት። እንዴት ያለች ልክ ናት!

ሰኞ፣ 18

"የማውቀው ሰው የፊቱን ልክ ባያገኝስ?" ብዬ ላክሁ። መልሱ በወረቀት መጣ፤ ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ ተገናኝተዋል። የእጅ ጽሑፏን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

ባለ 21ን ትቶ ወደ ባለ 20 ቸርኬ ይውረድ። የፊት 275/45፣ የኋላ 305/40። ቸርኬው ስላነሰ የጎማው ጎን ከፍ ይላል፣ ጉድጓድ ይችላል። የሁለቱም ዙር ከድሮው ጋር ይቀራረባል፤ ፊትና ኋላውም ከበፊቱ ይበልጥ ይስማማል። አንድ ስጋት፦ የፊት ፍሬኑ ትልቅ ስለሆነ ቸርኬው ላይሾልክለት ይችላል። ሌላ ስጋት፦ የጭነት ቁጥሩ ከ109 እንዳያንስ።

ባለቤቴ ቁጥሩ ምንድን ነው ብትለኝ አስረዳኋት። መጀመሪያ ያለው ስፋቱ፣ ቀጥሎ የጎኑ ከፍታ፣ መጨረሻ የቸርኬው መጠን። ሰማችኝና "ገባኝ" አለች። "አሁን ደግሞ አንተ ይግባህ። እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም!"

ረቡዕ፣ 20

ነጋዴው 275/45 አለኝ አለ። አየሁት፣ የጭነት ቁጥሩ 106። ጎማው ያው፣ መጠኑ ያው። ግን 106 የሚሸከመው 950 ኪሎ ነው፣ 110 ደግሞ 1060። "ማን ያየዋል? ያው ጎማ ነው" አለኝ።

"እኔ አየዋለሁ" ብዬ መለስኩለት።

ጎበዝ መሰልኩ። ጎበዝ አይደለሁም። ያ ቫን፣ ልጄን ያባረርኩበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎማው እንደ ፊኛ አብጦ ተመልሶ ነበር። በዝምታ ቀየርኩለት። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለባትሪ ሻጩ አልነገርኩም፣ ለእሷማ ጭራሽ። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ እውነቷን ደብቄባታለሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በካልሲም አይታሽም።

ዓርብ፣ 22

ዶክተሯ ጎራ አለች። ፒክአፑ ላይ መድኃኒቱ ሁሉ አልተጫነም፤ ግማሹን ትታ ወጥታለች። አንዲት እናት ልጇን ለማስከተብ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ ክትባቱ አልቆ ተመልሳለች። አልወቀሰችኝም፣ እንዲያው አወራችኝ እንጂ። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሌላ ቦታ ብትሄጂ አልቀየምም" አልኳት።

"የት እሄዳለሁ? መጀመሪያ የሄድኩት ትልቁ የጎማ ቤት ነበር። ልጅዎ ናት ወደዚህ የላከችኝ። 'በዚህ ከተማ የሚታመን እጅ የአባቴ ብቻ ነው፤ እሱ ያሰረው ቡሎን መንገድ ላይ አይፈታም' አለችኝ። አልነገረችዎትም እንዴ?"

"ነግራኛለች፣ ነግራኛለች" አልኩ።

ከዚያ እስከ ማታ የታሰሩ ቡሎኖች ሳጠብቅ ዋልኩ።

እሑድ፣ 24

ደብዳቤ ልጽፍላት ብዬ አራት ወረቀት ቀደድኩ። ባለቤቴ ቁርጥራጩን እየለቀመች "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በእኛ ቤት ግን ወረቀቱ ከሞኙ ሳይሻል አልቀረም" አለች።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሰው ፊት ነው የተሳደብከው። ለምን ተደብቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ?"

ሰኞ፣ 25

ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ሸሚዝ ቀይሬ ሄድኩ። ካልሲ ሱቁን አለፍኩት፤ ባለሱቁ እጁን አውለበለበልኝ። ትልቁ የጎማ ቤት ገባሁ። ወረፋ በቁጥር ነው። 17 ደረሰኝ። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ቁጥሬን ጨብጬ፣ ሐኪም ቤት እንደመጣ ሰው። ስምንት ዘጠኝ ሰው አለ።

"አሥራ ሰባት ቁጥር!" አለች፣ ቀና ሳትል።

ተነሳሁ። ቀና አለች። እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

ልናገር ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ድምፄ ደግሞ የኮምፕሬሰር ሰው ድምፅ ነው፤ ቀስ ማለት አያውቅም። "እኔ ጎሚስታ ነኝ" አልኩ። "የዛሬ አሥራ ሦስት ወር ጭነት የማይችል ጎማ ሸጥኩ። ልጄ ነገረችኝ፣ ሰው ፊት አዋረድኳት። ጎማው በሁለት ሳምንት አብጦ ተመለሰ። እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ሳውቅ ደግሞ ደበቅኩ። ይኸው ሰው ፊት እየተናገርኩ ነው።"

አንዲት ሴትዮ "እሰይ!" አሉ ከኋላ።

ልጄ ጎንበስ ብላ እስክሪብቶዋን ፈለገች። እስክሪብቶ ለማንሳት የማይፈጅ ጊዜ ፈጀባት። ስትነሳ ዓይኗ ቀልቷል። ግን ቀጥ ብላ "ሌላ ጥያቄ አለዎት፣ ደንበኛችን?" አለችኝ።

"አለኝ። ባለ 20 ቸርኬ የሯጩ ዝሆን ፍሬን ላይ ይሾልካል?"

"እሱ እዚህ ሆኖ አይነገርም" አለች። አፏ ሳቅ ሊያመልጠው ነው። "መጥቼ ማየት አለብኝ፣ አባዬ።"

አባዬ አለችኝ። ሰው ፊት።

ረቡዕ፣ 27

መጣች! የራሷን ቱታ ይዛ።

መኪናውን በክሪክ አነሳን። ሁለት ዓይነት ያገለገለ ባለ 20 ቸርኬ አስመጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ያለ ጎማ ሰቀልነውና በእጅ አዞርነው። ክርርር። ፍሬኑን ይነካል። "ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ የውስጥ ቅርጹ ግን ይለያያል" አለች። ሁለተኛውን ሰቀልን። አዞረችው። ምንም ድምፅ የለም። እርሳሷን ፍሬኑና ቸርኬው መሀል ሰደደችው፣ አለፈ።

"ሾለከ!" ብላ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ባትሪ ሻጩ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ሮጠ።

ከዚያ የሾለከውን ዓይነት አራቱን ቸርኬዎች በገመድ እያንጠለጠልኩ በቁልፍ መታ መታ አደረግኳቸው፤ ልማዴ ነው። ሦስቱ እንደ ደወል ጮኹ። አራተኛው ታፈነ።

"ይሄ ተሰንጥቋል" አልኳት።

"ምንም አይታይም እኮ። በብርሃን አየሁት።"

"አይታይም። ይሰማል።"

ቀለሙን ፋቅ አደረገችው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከሥሩ ወጣች። "ይሄንን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም" አለች፣ ቀስ ብላ። ቀና ብላ ስታየኝ ዞር አልኩ። ነጋዴው ቸርኬውን ይለውጥልናል፤ ነገ።

ስለ አየር መጠን ተጨቃጨቅን። ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነው። እሷ አሸነፈች።

ቅዳሜ፣ 30

ተገጠመ። የፊት 275/45፣ የጭነት ቁጥር 110። የኋላ 305/40፣ የጭነት ቁጥር 112። ወለሉ ላይ በጠመኔ ለካነው፤ በአንድ ዙር ያለው ልዩነት አውራ ጣቴን አይሞላም።

ዶክተሯ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ፣ ልጄና ባለቤቴ ከኋላ። ባለቤቴ ልክ እንደ ግብዣ ለብሳ ነው የመጣችው። ዝናቡ ይወርዳል። ጠባቡ አደባባይ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አጠፈችው፤ ያ ግዙፍ ነገር እንደ ድመት ዞረ። መብራት የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ጉድጓዱን ስንመታ ዱም ብቻ አለ፣ ለስላሳ። ዳገቱ ላይ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጠው ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ።

እኔ "ቀስ!" ልል ስል ከኋላ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦ "ድገሚው ዶክተር! ድገሚው!"

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ፍጥነት እንደምትወድ ዛሬ አወቅሁ።

ማክሰኞ፣ 3

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ተራራው ላይ ጭጋግ ነው ይላሉ። ሁለት ደንበኛ "ምን ሆነሃል?" አሉኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ደወለች።

"ደረስን ጋሼ። ከሁሉም ዕቃ ጋር። ያቺ እናትም ተመልሳ መጥታለች፤ ልጇ አሁን ተከተበ፣ ይኸው ይሰማዎታል?"

ሰማሁት። ጩኸቱ ሰማይ ይሰነጥቃል። እንደዚህ የሚያምር ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ለልጄ ደወልኩላት። እኔ! ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።

ሐሙስ፣ 5

ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ወደ ሱቄ ተመለሺ ልላት አፌ ላይ ነበር፤ ሥራዋን እንደምትወደው ስላየሁ ዋጥኩት። የቀደመችኝ እሷ ናት። ቅዳሜ መሥሪያ ቤቷ መጥቼ ለገጣሚዎቹ ቸርኬ በጆሮ እንዴት እንደሚታወቅ እንዳስተምር ትፈልጋለች። አለቃዋን አስፈቅዳለች።

"እኔ? አስተማሪ? እኔ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላውቅም።"

"ቸርኬ ፊት ቁም" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ 7

አሥራ ሁለት ገጣሚ ክብ ሠርቶ ቆመ። አብዛኞቹ ከእኔ የተሻለ ማሽን አላቸው። አንዱ የተሰነጠቀ ስድስት ቸርኬ ደረደርኩና "ዓይናችሁን ጨፍኑ" አልኳቸው፤ እኔን እንዳያዩኝም ጭምር። መታሁ። አንዱን፣ ሌላውን። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ "ይሄ ነው!" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ! ሁለት ሰዓት አወራሁ። ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መለስኩ፤ የማላውቀውን "እሱን እሷን ጠይቁ" እያልኩ ወደ ልጄ ጠቆምኩ። አንዱ ጎልማሳ ገጣሚ "ጋሼ፣ ይህን ለመልመድ ስንት ዓመት ይፈጃል?" ሲለኝ "እንደ ጆሮህ ነው። የእኔ ዘግይቶ ነው የተከፈተው" አልኩት። ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

አብረን ወደ ቤት መጣን፣ በእግር፣ ክንዷ በክንዴ። ዛሬ እዚሁ ታድራለች። አሁን ከእናቷ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ያወራሉ። እናቷ አሁን የሰማችውን የእኔን አስተማሪነት በእጇ እያሳየች መሆን አለበት፤ ልጅቷ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯታል። ስለ እኔ ነው የሚስቁት። በሩን ልዘጋው ተነሳሁና ይበልጥ ከፍቼው ተመለስኩ።